አንቲባዮቲክ መድኃኒቶች በነርቭ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት የቀረበ ትምህርት

የወሩ የጤና ትምህርት፣ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች፤ በአንድ የጤና መኮንን የተዘጋጀ

«መድኃኒት» የሚለው ቃል «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የመዳን ምክንያት ማለት ነው። ነገር ግን የሚያድን ነገር ሁሉ ልክ አለው። ይህንንም አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁት ነበር። ኮሶ የሚያጠጣ ሰው የጠጪውን ዕድሜና አቅም ሳይመለከት አይሰፍርም ነበር፤ ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ትሉን ከማውጣት አልፎ የሰውን ዓይን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች ጽፈዋል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኮሶ ሳይሆን አንቲባዮቲክ ስለሚባሉት መድኃኒቶች ነው። አንቲባዮቲክ ማለት ባክቴሪያ የተባሉትን በሽታ አምጪ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጡት መድኃኒቶች ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ሆድን እንደሚያውኩ፣ አንዳንድ ጊዜም ቆዳን እንደሚያሳክኩ ብዙ ሰው ያውቃል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ነርቭን፣ ማለት የመስማትን፣ የማየትን፣ የመዳሰስንና የማሰብን መንገድ ሊነኩ እንደሚችሉ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ባለማወቅ ሰዎች በሁለት ስሕተቶች ይወድቃሉ። አንደኛው ወገን ጆሮው ሲጮኽበት ወይም እግሩ ሲደነዝዝበት «በሽታው ነው፤ ድካም ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ሊቀር ይችል የነበረውን ጉዳት የዘወትር ጉዳት ያደርግበታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ይጥለዋል፤ በዚህም በሽታው ያገረሽበታል። ትክክለኛው መንገድ ከሁለቱ መካከል ያለው ነው። ይኸውም ምልክቱን በጊዜ ማወቅና የሚቀጥለውን መድኃኒት ከመውሰድ በፊት መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም መናገር ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ ለዚህ ለአንድ ምክር ማስረጃ ነው።

፩. ነርቭ ምንድን ነው?

የሰው አካል እንደ አንድ ትልቅ ከተማ ቢታሰብ፣ አንጎል የስልክ ማዕከሉ፣ ነርቮችም ከማዕከሉ ወደ እያንዳንዱ ቤት የተዘረጉ ሽቦዎች ናቸው። ብርሃን በዓይን፣ ድምፅ በጆሮ፣ ሙቀትና ብርድ በቆዳ ከገቡ በኋላ ወደ አንጎል የሚደርሱት በእነዚህ ሽቦዎች ነው፤ ከአንጎል የሚወጣው ትእዛዝም ወደ ጡንቻ የሚወርደው በእነርሱ ነው።

አንቲባዮቲክ መድኃኒቶች ይህን ሥራ በሦስት ስፍራ ሊያውኩ ይችላሉ። በመጀመሪያ በአንጎል ራሱ ላይ ነው፤ ይህ ሲሆን ሰው ይቃዣል፣ ይደነጋገራል፣ ወይም ይንዘፈዘፋል። ሁለተኛው ስፍራ የጆሮና የዓይን መንገድ ነው፤ መስማት፣ ሚዛን ወይም የማየት ኀይል ይደክማል። ሦስተኛው ወደ እጅና ወደ እግር በሚወርዱት ነርቮች ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ከሁሉ የሚረዝሙት ነርቮች እስከ እግር ጣት የሚደርሱት ስለ ሆኑ፣ መመረዝ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በእግር ጣቶችና በውስጥ እግር ነው።

፪. የስትሬፕቶማይሲን ታሪክ

ይህን ነገር ዓለም በግልጽ የተማረው ከስትሬፕቶማይሲን ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በተማሪው በአልበርት ሻትስ እጅ የተገኘ መድኃኒት ነው፤ የተገኘውም በአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ነበር። ከዚያ በፊት ለሳንባ ነቀርሳ ከዕረፍት፣ ከንጹሕ አየር፣ ከመልካም ምግብና ከአንዳንድ ቀዶ ጥገና በቀር የሚታመን መድኃኒት አልነበረም። በማዮ ክሊኒክ ሒንሾና ፌልድማን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ ለበሽተኞች ሲሰጡት መልካም ውጤት አዩ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የአካልን ሚዛን እንደሚያውክ አብረው አስተዋሉ።

ጥቅሙንና ጉዳቱን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጠው በእንግሊዝ አገር የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው ጥናት ነው። መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ጥቂት ስለ ነበረ፣ 107 በሽተኞች በዕጣ ተከፈሉ። 55ቱ በቀን 2 ግራም ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ ተሰጣቸው፤ 52ቱ እንደ ቀድሞው ልማድ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ቆዩ። ስድስት ወር ሲሞላ መድኃኒት ካገኙት 4 ሰዎች፣ ካላገኙት ግን 14 ሰዎች ሞተው ነበር። ይህ አንደኛው እውነት ነው። ሁለተኛው እውነት ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ55ቱ 36ቱ የማዞር ስሜት እንዳገኛቸው መናገራቸው ነው። ማዞሩም ብዙውን ጊዜ የጀመረው መድኃኒቱ በተጀመረ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ነበር።

አንባቢ እነዚህን ሁለት እውነቶች ለያይቶ እንዳይመለከታቸው እንለምናለን። ማዞሩን ብቻ የተመለከተ ሰው መድኃኒቱን መርዝ ነው ይላል፤ ከሞት የዳኑትን ብቻ የተመለከተም በበሽተኛው ላይ የደረሰውን ጉዳት ይንቃል። ሐኪም ግን ሁለቱን በአንድነት ይይዛል።

በዚያው ዘመን ጉዳቱን ለማስቀረት ተብሎ ከስትሬፕቶማይሲን የተሠራ ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን የተባለ ሌላ መድኃኒት ወጣ። ሚዛንን እምብዛም አያውክም ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሆኖም የመስማትን ኀይል የሚያጠፋ፣ አንዳንድ ጊዜም ጉዳቱ መርፌው ከቆመ በኋላ የሚገለጥ ሆኖ ስለ ተገኘ ተወገደ። ከዚህም የምንማረው፣ አዲስ መድኃኒት አዲስ በመሆኑ ብቻ ጉዳት የለበትም ማለት እንዳልሆነ ነው።

፫. ጆሮ የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?

በውስጥ ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ትንሽ አካል አለ። በእርሱም ውስጥ በራሳቸው ላይ ጠጉር የመሰለ ነገር ያላቸው ሕዋሳት ተሰልፈው ይገኛሉ። ድምፅ ሲገባ ጠጉሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ እንቅስቃሴውም ወደ ነርቭ መልእክት ይለወጣል። በአጠገቡ ያለው የሚዛን አካልም የሚሠራው በተመሳሳይ ሕዋሳት ነው። የቆሰለ ቆዳ ይሽራል፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ እነዚህ የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ሕዋሳት ግን በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ከማከም መጠንቀቅ እጅግ ይበልጣል።

ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን አሚኖግላይኮሳይድ የሚባሉ የአንድ ቤተ ሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ባክቴሪያን የሚያጠቁት ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል በማበላሸት ነው። በእኛ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ የሕዋሱን ኀይል የሚያመነጩ ምድጃዎች አሉ። የእነዚህ ምድጃዎች የፕሮቲን መሥሪያ ከባክቴሪያው ጋር ይመሳሰላል። እንግዲህ በባክቴሪያ ላይ የተወረወረው ጦር አንዳንድ ጊዜ የራሳችንን ምድጃ ይወጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ከእናት ወደ ልጅ በሚወረስ የሚቶኮንድሪያ ለውጥ ምክንያት በእነዚህ መርፌዎች የመስማት ኀይላቸው በቀላሉ የሚጠፋ ቤተ ሰቦች መኖራቸውን አረጋገጡ። ስለዚህ ከእናቱ ወገን በመርፌ ምክንያት ጆሮው የደነቈረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

እነዚህ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወይም በተቅማጥና በትውከት ውሃው ያለቀ ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምበታል። ፉሮሴማይድን የመሰለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አደጋው ይጨምርበታል። ስትሬፕቶማይሲን ለነፍሰ ጡር ሴት ቢሰጥ ወደ ፅንሱ አልፎ የልጁን የመስማት ኀይል ሊጎዳ ይችላል።

የጆሮ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። በሽተኛው የወፍ ጩኸት ወይም የስልክ ጥሪ ያመልጠዋል እንጂ ሰው ሲያነጋግረው ይሰማል፤ ስለዚህ ራሱም ሳያውቀው ይቆያል። ሚዛኑ የተነካ ሰው ደግሞ በብርሃን ደኅና ይራመድና በጨለማ ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ የጆሮውን ጉድለት ይሸፍንለት ስለ ነበር ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር በሚማርበት ጊዜ መምህራኑ በሽተኛውን ሁለት እግሩን አጋጥሞ እንዲቆም፣ ከዚያም ዓይኑን እንዲጨፍን ያዙት ነበር። ዓይኑን ገልጦ ጸንቶ የቆመ ሰው ሲጨፍን መወዛወዝ ከጀመረ ሚዛኑ ወይም የእግሩ ነርቭ ተነክቶ እንደ ሆነ ይመረመራል። ይህ ምርመራ አንዳች መሣሪያ አይፈልግም፤ በሽተኛው እንዳይወድቅ ግን አጠገቡ ቆሞ የሚደግፈው ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ ትምህርት የተነሣ ግን ማንም እናት ለታመመ ጨቅላ ልጅዋ የታዘዘውን የጄንታማይሲን መርፌ እንዳትከለክል እናሳስባለን። መርፌው በልጁ ክብደት ተመጥኖ ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ሕፃኑን ከሞት ያድናል፤ ጥቅሙም ከሚፈራው ጉዳት እጅግ ይበልጣል። አደጋው የሚያድገው መጠኑ ሲበዛ፣ ጊዜው ሲረዝምና የሚከታተል ሰው ሲጠፋ ነው።

፬. የእግር ነርቭና የዓይን ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1952 አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ዋለ። ዛሬም በአገራችን ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ እግራቸው መደንዘዝ፣ መጠቅጠቅና ማቃጠል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ምክንያቱን ገለጠ። አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6 የተባለውን ለነርቭ አስፈላጊ የሆነ ንጥረ ነገር ከሰውነት ያሟጥጣል፤ ቫይታሚኑን በመተካትም ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ላለባቸው፣ ምግብ ላጠራቸው፣ መጠጥ ለሚያበዙና ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች በየቀኑ ጥቂት ሚሊግራም ቫይታሚን ቢ6 ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይታዘዛል።

«እንግዲያውስ ቫይታሚኑን አብዝቼ ልውሰድ» የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1983 በየቀኑ ከ2 እስከ 6 ግራም ቫይታሚን ቢ6 ይውጡ የነበሩ ሰባት ሰዎች ነርቫቸው ተጎድቶ ለመራመድ እንደ ተቸገሩ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ነርቭን የሚጠብቀው ቫይታሚን እንኳ ከልኩ ሲያልፍ ነርቭን ይጎዳል።

ለሳንባ ነቀርሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች ሌላው ኢታምቡቶል ነው። ይህ መድኃኒት የዓይንን ነርቭ ሊነካ ይችላል። ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ በክብደት ተመዝኖ ይሰጣል። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት የማየት መደብዘዝ ወይም ቀይና አረንጓዴ ቀለም ለይቶ ለማወቅ መቸገር ነው። በጊዜ ከታወቀና መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ከቆመ ብርሃኑ ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ችላ ከተባለ ግን ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዓይን ብርሃን ሲደክም የአንድ ቀን መዘግየት እንኳ አይገባም የምንለው ስለዚህ ነው።

፭. በቅርብ ዓመታት የተገኘ ትምህርት

የተለመዱት መድኃኒቶች የማይበግሩት የሳንባ ነቀርሳ ሲስፋፋ በሽተኞች ለብዙ ወራት የካናማይሲንና የካፕሪዮማይሲን መርፌ ይወጉ ነበር፤ በዚህም መስማት የተሳናቸው ጥቂቶች አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እነዚህ ሁለቱ ለዚህ በሽታ እንዳይሰጡ መከረ። በአገራችንም ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው፣ በሽታው ላገረሸበት ሰው ስትሬፕቶማይሲን ጨምሮ የመስጠት ልማድ እንዲቀር ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መክሮ ነበር።

በመርፌው ፋንታ የገቡት ኪኒኖችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል። ሊኔዞሊድ፣ ቤዳኪሊንና ፕሬቶማኒድ የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት ከወሰዱት 109 ሰዎች 98ቱ መልካም ውጤት አገኙ፤ እጅግ አስቸጋሪ በሆነው የነቀርሳ ዓይነት ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውጤት ብርቅ ነበር። ነገር ግን ከመቶ 81 በሚሆኑት ላይ የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳት ታየ። ጉዳቱን የሚያመጣው ሊኔዞሊድ ነበር፤ ይህም እንደ አሚኖግላይኮሳይዶች የሕዋሳችንን የኀይል ምድጃ የሚነካ መድኃኒት ነው።

ሊቃውንቱ መድኃኒቱን አልጣሉትም፤ ጉዳቱንም አልሸሸጉም፤ ነገር ግን ልኩን ፈለጉ። በደቡብ አፍሪካ፣ በሩስያ፣ በጆርጂያና በሞልዶቫ 181 ሰዎች የተካፈሉበት ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። በቀን 1200 ሚሊግራም ሊኔዞሊድ ለ26 ሳምንት ከወሰዱት ከመቶ 93ቱ መልካም ውጤት አገኙ፤ ከመቶ 38ቱ ግን ነርቫቸው ተነካ። መጠኑ በግማሽ ተቀንሶ 600 ሚሊግራም በተሰጣቸው ዘንድ መልካም ውጤት ያገኙት ከመቶ 91፣ ነርቫቸው የተነካው ከመቶ 24 ሆነ። የመፈወስ ዕድል ከሞላ ጎደል ሳይጓደል ጉዳቱ ተቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት 600 ሚሊግራም የሚሰጥበትን የስድስት ወር ሕክምና መከረ።

ይህ ሁሉ የተገኘው በሽተኞች «እግሬ ደነዘዘ» ብለው ስለ ተናገሩና የሚሰማቸው ሐኪም ስለ ጻፈው ነው። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ልኩ ባልታወቀ ነበር።

፮. በየቤቱ ስለሚገኙት መድኃኒቶች

እስካሁን የተናገርነው በሐኪም ክትትል ስለሚሰጡ መድኃኒቶች ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሰው ያለ ማዘዣ ገዝቶ፣ ወይም ከጎረቤት ተቀብሎ፣ ወይም ካለፈው በሽታ የተረፈውን ከመሳቢያ አውጥቶ የሚወስደው መድኃኒት ነው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት ለብርቱ በሽታ ጥሩ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ እርሱና ስለ ቤተ ሰቦቹ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀምር፣ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ወይም ጨርሶ ላይለቅ እንደሚችል ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ መደነጋገርን፣ የመርሳት ችግርንና የመቃዠትን ሁኔታ በማስጠንቀቂያው ውስጥ በጉልህ አስገባ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በሽታውን ለሐኪሙ መግለጥ አለበት።

ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ በብዛት ይታዘዛል። ለጥቂት ቀናት በታዘዘው ልክ ሲወሰድ ነርቭን እምብዛም አይጎዳም። ለብዙ ሳምንታት ሲቀጥል ወይም በየጊዜው ሲደጋገም ግን እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ አልፎ አልፎም አረማመድን ያንገዳግዳል፣ አንደበትን ያኮላትፋል። ሆዱን ባመመው ቁጥር ሳይመረመር ይህን ኪኒን የሚገዛ ሰው፣ ለሌለበት አሜባ ነርቩን ይገብራል።

ፔኒሲሊንም ቢሆን በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ፣ በተለይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። እንግዲህ የአንድ መድኃኒት መልካም ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው የታወቀ በሽታ፣ የተመጠነ ልክና የሚከታተል ሐኪም ነው።

፯. ምን ማድረግ ይገባል?

ሀ) መድኃኒት ሲታዘዝ የመድኃኒቱን ስም፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድና ምን ምልክት ሲታይ መመለስ እንደሚገባ መጠየቅ፤ በወረቀትም ጽፎ መያዝ።

ለ) ኩላሊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ የቀድሞ የጆሮ ወይም የዓይን ሕመም ካለ፣ ሌላም መድኃኒት የሚወሰድ ከሆነ ሳይደብቁ አስቀድሞ መናገር።

ሐ) የጆሮ ጩኸት፣ የመስማት መቀነስ፣ ማዞር፣ በጨለማ መንገዳገድ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ከታየ፣ የሚቀጥለው መርፌ ከመወጋቱ ወይም የሚቀጥለው ኪኒን ከመዋጡ በፊት ወደ ሐኪም ሄዶ መናገር።

መ) የዓይን ብርሃን ድንገት ከደከመ፣ ቀለም መለየት ካስቸገረ፣ ሰው ከተደነጋገረ፣ ከቃዠ ወይም ከተንዘፈዘፈ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ።

ሠ) የነቀርሳን መድኃኒት በራስ ፈቃድ አለማቋረጥ። አጥፊው መድኃኒት የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚያቆም፣ የሚቀንስ ወይም በሌላ የሚተካ ሐኪም ነው። በሽተኛው ሁሉንም በአንድነት ሲጥል በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ለራሱም ለቤተ ሰቡም የማይበገር ይሆናል።

ረ) አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አለመግዛት፤ የተረፈውን ለሌላ ሰው አለመስጠት።

ሰ) ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ ባለሙያው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ መጠየቅ። የአንዱ በሽተኛ ቃል ሌላውን ያድናልና።

፰. ለመምህራን የተሰጠ ልዩ ማሳሰቢያ

መምህራን ሆይ፣ ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው በወር አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን ተማሪውን በየቀኑ ታዩታላችሁ። በረጅም ሕመም ምክንያት ቀርቶ የተመለሰ ልጅ ቀድሞ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይመልስ የነበረውን አሁን ካልመለሰ፣ ልጁን ሰነፍ ከማለት በፊት ጆሮውን መጠርጠር ይገባል። ቀጫጭን ድምፆች የጠፉበት ልጅ ሰ፣ ሸ እና ፈ የሚሉትን ፊደላት ድምፅ ማምታታት ይጀምራል፤ «ሰላ» ተብሎ ሲነበብለት «ፈላ» ብሎ ይጽፋል። ቃል በምትጽፉለት ጊዜ ከንፈራችሁን አተኵሮ የሚመለከት፣ ጀርባችሁን ስታዞሩ ግን የሚጠፋበት ልጅም እንዲሁ ነው። በሰሌዳው ላይ ቀዩን ጠመኔ ከአረንጓዴው መለየት ቀድሞ የማያስቸግረው የነበረና አሁን ያስቸገረው፣ ብዕር ከእጁ የሚወድቅበት፣ ማታ ማታ መንገድ የሚስተው ተማሪም ሊጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄው ቁጣ ሳይሆን «ልጄ፣ መድኃኒት ትወስዳለህን? ከጀመርህ ወዲህ ምን ተለወጠብህ?» የሚል ይሁን። መልሱንም ለወላጆቹና ለጤና ጣቢያው ማድረስ ነው። ልጁን ከፊት ወንበር ማስቀመጥ እስከዚያው ድረስ የሚደረግለት የመጀመሪያው እርዳታ ነው።

በክፍል ውስጥ ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው ጥናት መድኃኒቱ ካገኙትና ካላገኙት በሽተኞች ስንት ስንት ሞቱ? ስንቶቹስ ማዞር አገኛቸው? ከዚህ ምን እንማራለን?

2. የቆሰለ ቆዳ ሲሽር የውስጥ ጆሮ ጉዳት የማይሽረው ስለ ምንድን ነው?

3. የነርቭ መመረዝ ከእግር ጣት የሚጀምረው ለምንድን ነው?

4. እግሩ የደነዘዘበት የነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒቱን ሁሉ ቢጥል ምን ይደርስበታል? ዝም ብሎ ቢቀጥልስ?

5. በቤታችሁ ከማዘዣ ውጭ የተቀመጠ ወይም የተረፈ መድኃኒት አለን? ምን ልታደርጉበት ይገባል?

የትምህርቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አንቲባዮቲክ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ከሞት ያዳነ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ሊናቅ አይገባም። አንዳንዱም ነርቭን ይነካል፤ ስለዚህ እንደ ከረሜላ ሊወሰድ አይገባም። ነርቭ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ ከመጎዳቱ አስቀድሞ በመጮኽ፣ በማዞር ወይም በመደንዘዝ ያስጠነቅቃል። ይህን ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው ከሚቀጥለው ኪኒን በፊት ለሐኪሙ ቢናገር፣ ሕይወቱንም ነርቩንም አብሮ ያተርፋል።